ጆሽ አሌንን ለመመዘን፦ ከሞቢል እስከ ላራሚ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

በ2018 የአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት ዋዜማ የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ጆሽ አሌን ታዛቢዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን ቁመቱንና የክንዱን ኃይል አይቶ ከሁሉ አስቀድሞ መመረጥ አለበት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በኮሌጅ ቆይታው ከወረወራቸው ኳሶች በጓደኞቹ እጅ የገቡት 56.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ይጠቅስና፣ በኮሌጅ ያልተስተካከለ ዒላማ በባለሙያዎች ሊግ አይስተካከልም ብሎ ይሟገታል። እኔ በምኖርባት በኮሎራዶዋ ኦሮራ ክርክሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የከተማችን ክለብ ዴንቨር ብሮንኮስ የ2017 ዘመንን፣ ማለትም የውድድር ዓመቱን፣ በ5 ድልና በ11 ሽንፈት ጨርሶ፣ 5ኛውን የምርጫ ተራ ይዞ ኳርተርባክ እየፈለገ ነበር። በዚያ ላይ በአላባማዋ ሞቢል በሚካሄደው የኮሌጅ ተመራቂዎች ግጥሚያ፣ ማለትም በሲንየር ቦውል፣ ጆሽ የሚሰለፍበትን የሰሜን ቡድን እንዲያሠለጥኑ የተመደቡት የብሮንኮስ አሠልጣኞች ነበሩ።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ልበል። ድራፍት 32ቱ ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በ7 ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ባለፈው ዘመን የከፋ ውጤት ያገኘ ክለብ ቀድሞ ይመርጣል። ኳርተርባክ ደግሞ እያንዳንዱን ማጥቃት የሚጀምረው፣ ግዙፍ ተከላካዮች እየሮጡበት በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ኳሱን ለማን፣ መቼና በምን ያህል ጉልበት እንደሚወረውር የሚወስነው ሰው ነው። ክለብ በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ኳርተርባክ ካልሆነለት የሚያጣው ዓመታትን ነው፤ አሠልጣኞችና ሥራ አስኪያጆችም ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። የጉዞዬን ቀናት በእኛ አቆጣጠር፣ የጨዋታውን ዘመናት ግን ሊጉ እንደሚጠራቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ጥምቀትን በኦሮራ አክብረን ከዴንቨር ወደ ኒው ኦርሊንስ በረርን፤ ከዚያ መኪና ተከራይተን በአውራ ጎዳና ቁጥር 10 በሚሲሲፒ ጠረፍ በኩል ወደ ሞቢል ነዳን። አብረውኝ የተጓዙት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዴንቨር የመጡ፣ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ታላቅ ወዳጄ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጆን ኤልዌይ በ1983 ብሮንኮስን ሲቀላቀል ያዩ፣ ክለቡ በ1997 እና በ1998 ዘመን የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልን ሲያነሣ ከነልጆቻቸው አደባባይ የወጡ ሰው ስለሆኑ፣ ስለ ኳርተርባክ ሲናገሩ ከመጽሐፍ አይደለም።

መንገዱን ሙሉ የተከራከርነው በኤልዌይ ላይ ነው። ኤልዌይ አሁን የክለቡን የተጫዋች ምርጫ የሚመራ ሰው ሲሆን፣ ረጃጅምና ክንደ ብርቱ ወጣቶችን ይወዳል ይባላል። በ2012 ብሮክ ኦስዋይለርን፣ በ2016 ደግሞ ፓክስተን ሊንችን መርጧል፤ ሁለቱም የተጠበቀባቸውን አልሆኑም። ጋሼ ግን በዚህ ተስፋ አይቆርጡም። «ኤልዌይ ራሱ እኮ በሙያ ዘመኑ ከወረወረው የተያዘለት 56.9 በመቶ ነው፤ የዚህ ልጅም 56.2 ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?» አሉኝ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ዘመኑ ግን ሌላ ነው። በኤልዌይ ጊዜ ተከላካዮች ተቀባዩን በእጃቸው ሲያደናቅፉ ዳኞች ብዙ ጊዜ ያልፏቸው ነበር፤ ዛሬ ደንቡ ተቀባዩን ስለሚጠብቀው የሊጉ አማካይ ከ60 በመቶ አልፏል። በዚያም ላይ ኤልዌይ በስታንፎርድ ሳለ ከ60 በመቶ በላይ ያሳካ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ፍርድ አይሆንም፤ ቁጥሩ ለምን እንደዚያ ሆነ ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል። ወደ ሞቢል የምንሄደውም ለዚሁ ነው።

ለጉዞው ሁለተኛ ምክንያትም ነበረኝ። የዋዮሚንግ ስታዲየም ከባሕር ወለል በላይ 7,220 ጫማ፣ ማለትም 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ቢል ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ኳስ የሚገጥመው መጎተት ይቀንስና ይርቃል። ሞቢል ግን ባሕር ዳር ናት። የዚህ ልጅ ክንድ የራሱ ነው ወይስ የተራራው አየር ያበደረው? የሯጮቻችንን ጉዳይ ስንከታተል ያደግን የደጋ ልጆች ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ አናልፍም።

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

የሲንየር ቦውል ሳምንት በሚዛን ይጀምራል። ተጫዋቾቹ ጠዋት በከተማዋ የስብሰባ ማዕከል መድረክ ላይ አንድ በአንድ እየወጡ ይለካሉ፤ የክለብ ሰዎችም አዳራሹን ሞልተው ይጽፋሉ። የጆሽ ልክ ወዲያው ተሰማ፤ ቁመቱ 6 ጫማ ከ5 ኢንች ሊሞላ ጥቂት የጎደለው (1.95 ሜትር ገደማ)፣ ክብደቱ 237 ፓውንድ (107 ኪሎ)፣ የመዳፉ ስፋት ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ከ10 ኢንች በላይ ነው። የመዳፍ ልክ ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በዝናብና በውርጭ ኳሱን አጥብቆ መያዝ ለሚጠበቅበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ቡድን የተሰለፈውና ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የ2017 የሃይዝማን ሽልማት ያገኘው የኦክላሆማው ቤከር ሜይፊልድ ከ6 ጫማ ብዙም የማያልፍ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የድራፍቱ ክርክር ሁሉ በዓይን ይታያል፤ አንዱ አካሉ የተሟላለት ነው፣ ሌላው በዘመኑ ከወረወረው 70 በመቶ ያሳካ ነው።

ከሰዓት በኋላ ላድ ፒብልስ ስታዲየም ገባን። በ1948 የተሠራ፣ 40,000 ገደማ ሰው የሚይዝ አሮጌ ሜዳ ነው። መቀመጫው ላይ የተበታተኑት ሰዎች አብዛኞቹ የየክለቡን ዓርማ ያደረጉ መልማዮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር፣ አንዳንዶቹ በሰዓት መቁጠሪያ፣ ሁሉም በዝምታ ይሠራሉ።

የከፍታው ጥያቄ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ተመለሰልኝ። ኳርተርባኮቹ ተራ ገብተው ወደ ሜዳው ጠርዝ ረጅሙን ውርወራ ሲወረውሩ፣ የሌሎቹ ኳስ ከፍ ብሎ ወርዶ የሚደርስበት ቦታ የጆሽ ኳስ እንደ ተለቀቀ ቀጥ ብሎ ደረሰ። ተቀባዩ መዳፉ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እኛ ካለንበት ከላይኛው ረድፍ ድረስ ይመጣ ነበር። በባሕር ወለል፣ በእርጥብ አየር፣ ክንዱ ያው ነው። «እንግዲህ ከተራራው የተበደረው የለም» አሉ ጋሼ፣ በጣም ደስ ብሏቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ዛሬ ከመግባታችን በፊት ከጋሼ ጋር አንድ ስምምነት አደረግን። ኳሱን አናይም፤ እግሩን ብቻ እናያለን። ይህ ለተመልካች ከባድ ነው፤ ዓይን በራሱ ፈቃድ ኳሱን ይከተላልና። ነገር ግን ስለዚህ ልጅ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ ቀን ነው።

ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ወርዋሪ ወሳኙ የግራ እግር ነው። ወደ ኋላ ሦስት ወይም አምስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ይሰበስባል፣ ከዚያ ግራውን ወደ ዒላማው አጠር አድርጎ ያሳርፋል፤ ዳሌው ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ክንዱ በመጨረሻ ይመጣል። ጋሼ በልጅነታቸው በጎጃም ከብት የጠበቁ ስለሆኑ ለእኔ የከበደኝን በአንድ ቃል ገለጡት፤ እንደ ጅራፍ ነው፣ ጫፉ የሚጮኸው ከእጀታው በኩል በትክክል ሲነሣ ነው አሉ።

ጆሽ እግሩን በቦታው ሲያሳርፍ ኳሱ ተቀባዩ ደረት ላይ ይገባል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የግራ እግሩን ከልክ በላይ አርቆ ይጥላል። ያን ጊዜ ክብደቱ በኋላኛው እግር ላይ ይቀራል፣ ዳሌው ሳይጨርስ ይቆማል፣ ክንዱ ብቻውን የቀረውን ሥራ ይሠራል፤ ኳሱም ከተቀባዩ ራስ በላይ ያልፋል። ሌላ ሰው እግሩን እንዲህ ቢያበላሽ ኳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቅና ስሕተቱን ወዲያው ይማርበታል። የጆሽ ክንድ ግን ብርቱ በመሆኑ የእግሩን ጥፋት ይሸፍንለታል፤ ኳሱ ይደርሳል፣ የሚደርሰው ግን አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ልጅ እግሩን እንዲያርም የሚያስገድደው ነገር አልገጠመውም ማለት ነው። ሌላም አስተዋልን። ወደ ቀኝ እየሮጠ ሲወረውር ቆሞ ከሚወረውረው ይልቅ ያነጣጥራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሲሮጥ እግሮቹ ራሳቸው ወደ ዒላማው እየሄዱ ስለሆነ አርቆ የሚጥለው እርምጃ የለውም።

ከእግሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ሜይፊልድ ኳሱን የሚለቀው ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳይመልስ ነው፤ ተቀባዩ ሲዞር ኳሱ መጥቷል። ጆሽ ተቀባዩ ነጻ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ነው የሚለቀው። በክንዱ ፍጥነት ላይ ተማምኖ ያቺን ግማሽ ሰከንድ ይበላታል፤ በኮሌጅ ይበቃዋል፣ በባለሙያዎቹ ሊግ ግን ያቺ ግማሽ ሰከንድ የተከላካዩ ናት። ስለዚህ በማስታወሻዬ ሁለቱን ለያይቼ ጻፍኩ። ኳሱ ከፍ ብሎ የሚያልፈው ከእግሩ የተነሣ ነው፤ ይህ ይታረማል። ኳሱ ዘግይቶ የሚደርሰው ከውሳኔው የተነሣ ነው፤ ይህ የሚታረመው ከዓመታት ጨዋታ በኋላ ነው፣ ያውም አንድ ዓይነት ትምህርት ሳይቋረጥ ከተሰጠው። 56.2 የሚለው ቁጥር ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ ይዟቸዋል።

ማታ ዶፊን በሚባለው ጎዳና ራት ፈለግን። ከተማዋ የኦይስተርና የሽሪምፕ ከተማ ናት፤ ረቡዕ ለሚጾም ሰው ደግሞ ብዙ ምርጫ የላትም። ቀይ ባቄላ በሩዝ አግኝተን፣ ሥጋና ቅቤ እንዳልገባበት አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ ጠይቀን በላን።

ሐሙስ፣ ጥር 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

የዛሬው ልምምድ ቀለል ያለ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልመዝግብ። በአሁኑ ዘመን አብዛኞቹ የኮሌጅ ኳርተርባኮች ኳሱን የሚቀበሉት ከአቀባዩ ብዙ እርምጃ ርቀው ቆመው ነው፤ የሚጫወቱትንም ከሜዳ ዳር በሥዕልና በምልክት ይነገራቸዋል። ጆሽ ግን ኳሱን ከአቀባዩ እጅ ለእጅ ተቀብሎ፣ ጀርባውን ለተከላካዮች ሰጥቶ፣ ለሯጩ የሚሰጥ አስመስሎ ዞሮ መወርወርን የለመደ ነው። ይህን ያስተማሩት የዋዮሚንግ ዋና አሠልጣኝ ክሬግ ቦል ናቸው፤ ቀደም ሲል በኖርዝ ዳኮታ ስቴት ሳሉ ካርሰን ዌንትዝን ያመጡትም እሳቸው ነበሩ። ዌንትዝ በ2016 ድራፍት 2ኛ ተመርጦ ለፊላደልፊያ ሲጫወት ስላየን፣ ከዚህ ቤት የሚወጣ ልጅ የባለሙያዎቹን ቋንቋ በከፊል ተምሮ ይመጣል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ዓርብ፣ ጥር 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ልምምድ የለም። ከልምምድ በኋላ የፉትቦሉ ዓለም የሚሰበሰበው ባትል ሐውስ በተባለው አሮጌ ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ነው፤ አሠልጣኝ ሥራ የሚፈልገው፣ ወኪሉ፣ መልማዩ፣ ሁሉም እዚያ ቆሞ ያወራል። ትናንት ብዙዎቹ ቦርሳቸውን ይዘው ስለ ሄዱ ዛሬ አዳራሹ ተንፍሷል። በዕድሜ የገፉ አንድ መልማይ አጠገባችን ተቀምጠው ከየት እንደ መጣን ጠየቁን፤ ከዴንቨር መሆናችንን ሲሰሙ ሣቁና ስለ ሥራቸው ጥቂት አጫወቱን። ወደ አንድ ኮሌጅ ሲሄዱ አስቀድመው የሚያናግሩት አሠልጣኙን አይደለም። ልብስና ጫማ የሚያድለውን ሠራተኛ፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠቀልለውን ባለሙያ፣ የምግብ ቤቱን ሴቶች ነው። «አሠልጣኙ ልጁን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ ፎጣ የሚሰበስበው ሰው ግን የሚሸጠው ነገር የለውም» አሉ። ስለ ጆሽ ምን እንደ ጻፉ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ከሰዓት በኋላ ስለ ልጁ አስተዳደግ ያነበብኩትን ለጋሼ ተረኩላቸው። የተወለደው ፋየርባው በምትባል፣ በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ በምትገኝ የእርሻ ከተማ ነው፤ አባቱ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ አንድም ታላቅ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት አልሰጠውም። አጠገባቸው ወዳለው ሪድሊ ኮሌጅ ገባ፤ እዚያም አንድ ዘመን ከተጫወተ በኋላ በአገሩ ላሉ አሠልጣኞች ሁሉ፣ ከ1,000 በላይ ለሚሆኑት፣ ራሱ ኢሜይል ጻፈ። የመለሱለት ኢስተርን ሚሺጋንና ዋዮሚንግ ብቻ ናቸው፤ ኢስተርን ሚሺጋንም ኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ዋዮሚንግ ገብቶ በ2015 የመጀመሪያ ቋሚ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ ያውም ከዚያው ከኢስተርን ሚሺጋን ጋር፣ ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ተሰበረና የዚያ ዓመት ውድድሩ አበቃ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ገበሬ ዝናብ ቀርቶበትም ይዘራል» አሉ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማየው ሌላ ነው። በ16ና በ17 ዓመት ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች የሚያመጡላቸውን የግል የውርወራ አሠልጣኞች ይህ ልጅ አላገኘም። በጋውን ቤዝቦልና ቅርጫት ኳስ ሲጫወት፣ እርሻ ሲሠራ ነው ያሳለፈው። እግሩን ማንም ሳያርመው መቅረቱ ከችሎታ ማነስ ሳይሆን ከአስተማሪ ማጣት መሆኑን እንድጠረጥር ያደረገኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ግጥሚያው ራሱ ለመልማዮች እምብዛም ዋጋ የለውም፤ አብዛኞቹ ሳያዩት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የደቡብ ቡድን 45 ለ16 አሸነፈ። የጨዋታው ኮከብ የተባለው ከትንሹ የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ካይል ሎሌታ ሲሆን፣ ከ12 ውርወራ 8 አሳክቶ በ198 ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል) 3 ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ፣ አስመዘገበ። ጆሽ ከ20 ውርወራ 13 አሳካ፤ 158 ያርድና 2 ታችዳውን አለው። ከ20 ላይ 13 ማለት 65 በመቶ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ከሰዓት ቁጥር ስለሆነ አልተደገፍኩበትም። የተደገፍኩት በሌላ ነው። ረቡዕ ዕለት ከተቀባዩ ራስ በላይ ያልፍ የነበረው አጭር ውርወራ ዛሬ ብዙ ጊዜ ደረት ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ፤ የግራ እግሩም አጥሯል። በጥቂት ቀናት ምክር እግሩን ማሳጠር የቻለ ልጅ የሚነገረውን የሚሰማ ልጅ ነው። ለእኔ የሳምንቱ ትልቁ ግኝት ይህ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.

ከኦሮራ በማለዳ ተነሣን። እስከ ፎርት ኮሊንስ በአውራ ጎዳና ቁጥር 25፣ ከዚያ በመንገድ ቁጥር 287 ወደ ሰሜን። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ጋሼ ቆሎና ድርቆሽ በፌስታል ይዘዋል። ባለፈው ሳምንት በኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የክለቦች ፈተና የጆሽ ኳስ በሰዓት 62 ማይል፣ ማለትም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተመዝግቧል፤ 40 ያርዱንም በ4.75 ሰከንድ ሮጧል። ለዚያ ክብደት ፈጣን ነው። እኛ ግን የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ወዳለባት ወደ ላራሚ የምንሄደው ቁጥሮቹ የተሠሩበትን ቦታ ለማየት ነው።

በመንገድ ላይ ያስቆጣን ነገር ነበረ፤ አልደብቀውም። በዚሁ ድራፍት የሉዊቪሉ ላማር ጃክሰን አለ። በ2016 የሃይዝማን ተሸላሚ ነው፤ ባለፈው ዘመንም ካሳካው 59 በመቶ ጋር ከጆሽ የተሻለ ነው። ሆኖም አንድ አንጋፋ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ በቴሌቪዥን ቀርበው ልጁ ኳርተርባክነቱን ትቶ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል አሉ። አንዱ 56 በመቶ ይዞ ገና ያልበሰለ ባለ ተስፋ ይባላል፤ ሌላው ከእሱ የሚበልጥ ቁጥርና ትልቁን ሽልማት ይዞ ቦታህን ልቀቅ ይባላል። አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር መሆኑን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። እዚህ አገር ጥቁር ልጆች የምናሳድግ ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚማሩ እናውቃለን። ለጆሽ የምሰጠውን ትዕግሥት ለላማር ብነፍገው ሚዛኔ ሚዛን አይደለም። የላማርንም ጨዋታ በዚያው መንገድ አየሁት፤ ውሳኔው ፈጣን ነው፣ ከሚከልሉት ጓደኞቹ መካከል ቆሞ የተከላካዮችን አሰላለፍ ያነባል፣ እግሮቹን ግን ሲወረውር በጣም ያቀራርባቸዋል። ይህም የሚታረም ነው።

ላራሚ ስንደርስ ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ነጠቀኝ። የጦርነት መታሰቢያ የሚባለው ስታዲየም በ1950 የተከፈተ ሲሆን 29,000 ገደማ ሰው ይይዛል፤ 7,220 ጫማ የሚለው ቁጥር እንግዳ ቡድን እንዲያስብበት በትልቁ ተጽፎ ይታያል። እኔ ለከፍታው አዲስ አይደለሁም፤ ነፋሱ ግን ሌላ ነው። ስለ ስስ አየር ያሰብኩት ሁሉ ግማሽ እውነት መሆኑን እዚያ ቆሜ ተረዳሁ። አየሩ ኳሱን ያርቃል፤ ነፋሱና ውርጩ ደግሞ ያስቱታል። በኅዳር ወር እዚህ የሚወረወር ለስላሳ ኳስ ወደ ጎን ይወሰዳል፤ ስለዚህ ልጁ ሁሉን ነገር አክርሮ መወርወር መልመዱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቡና በጠጣንበት ቤት ለብዙ ዓመታት የስታዲየሙን ትኬት የሚገዙ አንዲት አሮጊት አገኘን። በ2016 በአገሩ 13ኛ የነበረውን ቦይዚ ስቴትን 30 ለ28 ያሸነፉበትን ምሽት ዛሬ እንደ ሆነ አድርገው ነገሩን። ስለ 2017 ቁጥር መውረድ ስጠይቃቸው ሊቆጡ ምንም አልቀራቸውም። «ማን ቀረለት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከ2016 ቡድን ሯጩ ብራያን ሂል፣ ተቀባዩ ታነር ጄንትሪ፣ ጄከብ ሆሊስተርና ኳስ አቀባዩ ቼዝ ሩሊየር ሁሉም በአንድ ጊዜ ሄደዋል። ጆሽ በ2016 ዓመት 3,203 ያርድና 28 ታችዳውን ሲያስመዘግብ ከ15 ኢንተርሴፕሽን፣ ማለትም ተከላካይ ከቀማው ውርወራ፣ ጋር ነበር፤ በ2017 ያርዱ ወደ 1,812፣ ታችዳውኑ ወደ 16 ወርዷል፤ ኢንተርሴፕሽኑ ግን 6 ብቻ ነው። ረዳት ሲያጣ ኳሱን መጠበቅ ተምሯል ማለት ነው። ከኦሪገን ጋር በዚህ ሜዳ 49 ለ13 ሲሸነፉ ከ24 ውርወራ 9 ብቻ አሳክቶ 64 ያርድ ማግኘቱንም አልረሳሁም፤ ያ ጨዋታ ከታላላቅ ቡድኖች ፊት የሚጠብቀውን በግልጽ አሳይቷል። ነገር ግን በኅዳር ትከሻው ተጎድቶ በሌለባቸው ሁለት ጨዋታዎች ዋዮሚንግ በፍሬዝኖ ስቴት 13 ለ7፣ ከዘመኑ ደካማ ቡድኖች አንዱ በሆነው በሳን ሆዜ ስቴትም 20 ለ17 ተሸነፈ። አንድ ሰው ለቡድኑ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ የሌለበትን ቀን ማየት ከመቶኛው በላይ ይናገራል።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ የጻፍኩት ፍርድ ይህ ነው። ይመረጥ፤ ነገር ግን የሚመርጠው ክለብ አንድ አስተማሪ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሳይለውጥ ሊያቆይለት ይገባል። ክንዱ ዝግጁ ነው፤ እግሩ በአንድ ሁለት ክረምት ይታረማል፤ ውሳኔው ግን አንዱ አሠልጣኝ የጀመረውን ሌላው እያፈረሰ ከሄደ አይበስልም። ጋሼ ተስማሙ፤ ልጁ ወደ ዴንቨር ይምጣ የሚለውን ግን አልተዉም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ድራፍቱ በቴክሳስ አርሊንግተን ነበር፤ እኛ በኦሮራ ሐበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበን አየን። ክሊቭላንድ ሜይፊልድን 1ኛ መረጠ። ጄትስ ሳም ዳርኖልድን 3ኛ ወሰደ። 5ኛው ተራ ለዴንቨር ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ዝም አለ፤ የተጠራው ተከላካዩ ብራድሊ ቸብ ነበር። ክለቡ በመጋቢት ኬስ ኪነምን ስላስፈረመ ኳርተርባክ አልፈለገም። ጋሼ ኮታቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ቡፋሎ ቢልስ ከታምፓ ቤይ ጋር ተለዋወጠ፤ 12ኛውን ተራና ሁለት የሁለተኛ ዙር ተራዎችን ሰጥቶ ወደ 7ኛ ወጣና ጆሽ አሌንን ጠራ። ላማር ጃክሰን እስከ ዙሩ መጨረሻ ድረስ ተቀምጦ 32ኛ ሆኖ በባልቲሞር ተመረጠ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልጨምር። ቡፋሎ ልጁን አቆይቶ ሊያስተምረው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጨዋታ በባልቲሞር 47 ለ3 ሲሸነፍ ተቀይሮ ገባ፣ በሁለተኛው ሳምንትም ቋሚ ሆነ። በ2018 ከወረወረው 52.8፣ በ2019 ደግሞ 58.8፣ በ2020 ግን 69.2 በመቶ ተሳካለት። በየዕረፍቱ ጊዜ ከግል የውርወራ አሠልጣኙ ከጆርዳን ፓልመር ጋር እግሩንና ዳሌውን ሲያርም ከረመ፤ በ2020 ደግሞ ስቴፎን ዲግስን የመሰለ ተቀባይ መጣለት። በ2024 ዘመን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ላማር በ2019 እና በ2023 ያንኑ ሽልማት በኳርተርባክነቱ ወስዷል። ቡፋሎ ብራያን ዴቦልን ከ2018 እስከ 2021 ሳይለውጥ የማጥቃት አስተባባሪ፣ ማለትም የቡድኑን ማጥቃት የሚነድፍ አሠልጣኝ፣ አድርጎ አቆየ። በዚያው ጊዜ ዴንቨር በ2018 ቢል መስግሬቭን፣ በ2019 ሪች ስካንጋሬሎን፣ በ2020 ፓት ሹርመርን አስተባባሪ አድርጓል፤ ጆሽ በ5ኛው ተራ ወደ እኛ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘመናት ሦስት የተለያዩ አስተማሪዎች ይፈራረቁበት ነበር።